ማርሹን ከመቀየራችሁ በፊት ዘይቱን አሽትቱት

የምጀምረው በአውራ ጣቴ ጥፍር ነው። የሞተር ሳይክሉን የፍሪሲዮን ክዳን ከፈታሁ በኋላ ማርሹን በንጹህ ጨርቅ እጠርገዋለሁ። ከዚያ ጥፍሬን በጥርሱ ጎን ላይ፣ አንዴ ከሥር ወደ ጫፍ፣ አንዴ ደግሞ ወደ ጎን እጎትታለሁ። ደህና ጥርስ ላይ ጥፍር መስታወት ላይ እንዳለ ይንሸራተታል። የተጎዳው ላይ ግን ጠቅ ጠቅ ይላል። ዓይኔ በአምፖል ብርሃን ያለፈውን ቀዳዳ ጥፍሬ ያገኘዋል።

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለዚህ ክፍል ነው። የሞተሩ ጉልበት ፒስተኑ ከሚያዞረው ዘንግ፣ ከክራንክ ሻፍት፣ ወጥቶ ወደ ፍሪሲዮን የሚሻገረው በእሱ ነው። ፕራይመሪ ድራይቭ ይባላል። በአብዛኞቹ የዛሬ ሞተር ሳይክሎች ሁለት ማርሾች ናቸው፤ አንዱ ትንሽ፣ አንዱ ትልቅ። በአንዳንዶቹ ካቴና ነው። በጥቂቶቹ ደግሞ ቺንጋ። የኋላ ጎማ የሚያዞረውን ካቴና ሰው ሁሉ ያየዋል፣ ይቀባዋል፣ ይወጥረዋል። ይሄኛው ግን ክዳን ውስጥ ተደብቆ ስለሚሠራ የሚያስታውሰው የለም። የሚታወሰው መጮህ ሲጀምር ነው።

ብዙ ዓመት ከዚህ ክፍል ጋር ውያለሁ፤ አንድ ነገር በእርግጠኝነት እነግራችኋለሁ። ጥርስ ዝም ብሎ አይበላም። ወይ ዘይቱ ጎድሏል፣ ወይ ቀጥኗል፣ ወይ ቆሽሿል፤ ካልሆነም አንድ የላላ ነገር ጥርሶቹን አጣሟቸዋል። ያን ሳታገኙ አዲስ ማርሽ ብትገጥሙ አዲሱም የአሮጌውን መንገድ ይከተላል።

ይህን የተማርኩት ከአንድ ልጅ ሞተር ሳይክል ነው። 125 ሲሲ ነበር። ቀኑን ሙሉ ዕቃ ሲያመላልስበት ይውላል። ነዳጅ ሲሰጠው ፉጨት የመሰለ ድምፅ ያሰማ ነበር። ከፈትኩት። የሁለቱም ማርሾች ጥርስ ጫፍ ላይ ጭረት ነበር። ሁለቱንም ቀየርኩ፣ አዲስ ዘይት ሞላሁ፣ ድምፁም ጠፋ። ልጁ አመስግኖኝ ሄደ። በሦስተኛው ወር ተመልሶ መጣ። ያው ፉጨት።

ሙያውን ያስተማሩኝ ሽማግሌ መካኒክ አጠገቤ ቆመው ነበር። ማርሹን ለማየት እንኳ አልጠየቁም። የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘዙና አፍንጫቸው ጋ አስጠጉት።

«ዘይት ይጨርሳል?» አሉት ልጁን።

«ኧረ ጋሼ፣ የኔ ሞተር ዘይት አይበላም። እንዲያውም ይጨምራል» አላቸው በኩራት።

ዘንጉን ዝም ብለው ለእኔ ዘረጉልኝ። አሸተትኩት። ቤንዚን ቤንዚን ይላል።

ካርቡራቶሩ ውስጥ ነዳጅ የምትዘጋው መርፌ ተበልታ ነበር። ልጁ ማታ ሲያቆም የነዳጁን መዝጊያ አይዘጋም። ሌሊቱን ቤንዚኑ ጠብ ጠብ እያለ በቫልቭ ያልፋል፣ በፒስተን ቀለበት በኩል ሾልኮ ዘይቱ ውስጥ ይገባል። ዘይቱ ቀጥኖ ጥርስን ከጥርስ መለየት አቅቶት ነበር። እኔ ማርሽ ቀይሬ መርፌዋን ሳልነካ ሸኘሁት። ሁለተኛውን ጥንድ ማርሽ በራሴ ወጪ ገጠምኩለት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ መለኪያውን ሳላሸት አንድ ቡሎን አልፈታም።

ዘይቱ የማን ነው?

መጀመሪያ ይህን እወቁ። የእናንተ ሞተር ሳይክል ፕራይመሪ ዘይቱን ከማን ጋር ይጋራል?

በብዙዎቹ ባለ አራት ምት ሞተሮች አንድ ዘይት ሁሉንም ያገለግላል። ፒስተኑንም፣ ካምቢዮውንም፣ ፍሪሲዮኑንም፣ ፕራይመሪውንም። ስለዚህ የአንዱ ቆሻሻ የሁሉም ነው። የፍሪሲዮን ሸራ ብናኝ ክራንክ ሻፍት ጋ ይደርሳል፤ የፒስተን ጥላሸት ማርሽ ጥርስ መካከል ይገባል።

በትልልቆቹ የሃርሊ ዴቪድሰን ሞተሮችና በብዙ የድሮ እንግሊዝ ሠራሽ ሞተር ሳይክሎች ግን ፕራይመሪው የራሱ ቤትና የራሱ ዘይት አለው። ኖርተን ኮማንዶን ውሰዱ። ሦስት ረድፍ ያለው ካቴና የሚረካው በ200 ሚሊ ሊትር አካባቢ ዘይት ነው። አንድ የሻይ ብርጭቆ በሉት። ከዚያ ላይ ትንሽ ቢንጠባጠብ ምን ያህል እንደሚጎዳ አስቡት። እንዲህ ያለ ሞተር ያለው ሰው የሞተሩን ዘይት ቀይሮ ሁሉን የቀየረ ይመስለዋል። የፕራይመሪው ዘይት ግን ለብቻው መቀየር አለበት።

ባለ ሁለት ምት ሞተሮችም ፕራይመሪና ካምቢዮአቸው የራሱ ዘይት አለው። እዚህ አንድ የሚያታልል ነገር አለ። በክራንክ ሻፍቱ ፕራይመሪ በኩል ያለው ፓራኦሊዮ፣ ማለትም ዘይት የሚያግደው ጎማ፣ ሲያረጅ ሞተሩ የካምቢዮውን ዘይት ስቦ ያቃጥለዋል። ጭሱ ይበዛል። የውጭው አካል ደረቅ ነው፣ መሬት ላይ ጠብታ የለም፣ ዘይቱ ግን በየሳምንቱ ይጎድላል። ጭሱ ከበዛና የካምቢዮ ዘይት ከጎደለ ሌላ ነገር ከመፍታታችሁ በፊት እሱን ጎማ ጠርጥሩ።

የዘይቱን ልክ ስታዩ ሞተር ሳይክሉ ቀጥ ብሎ ይቁም። በጎን ማቆሚያው ላይ ተዘንብሎ የሚታይ ልክ ውሸት ነው። ሞተሩን ጥቂት ደቂቃ አስነስታችሁ አጥፉት፤ ዘይቱ እስኪወርድ ጠብቁ። ከዚያ መለኪያውን ጠርጋችሁ መልሱት። እንደ ሆንዳ ሲጂ 125 ባሉት ላይ መለኪያው ሲለካ አይጠብቅም፤ ቀዳዳው ላይ ብቻ ይቀመጣል። አጥብቀው የሚለኩ ሰዎች ዘይቱ ሳይሞላ የሞላ ይመስላቸዋል። ይህ ትንሽ ስህተት ስንት ማርሽ እንደበላ አውቃለሁ።

ዘይት መጨመርም ልክ አለው። የራሱ ቤት ያለው ፕራይመሪ ውስጥ ዘይት ሲበዛ ፍሪሲዮኑ አልላቀቅ ይላል፣ ወይም ይንሸራተታል። «ይብዛለት» ብሎ መሙላት ደግነት አይደለም።

የትኛው ዘይት?

ከጠርሙሱ ጀርባ ጃሶ የሚል ትንሽ ሳጥን ፈልጉ። ይህ የጃፓኖች መለያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ። ኤምኤ የሚለው ዘይት ውስጥ ለሚሠራ ፍሪሲዮን ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ኤምኤ1 እና ኤምኤ2 ተብሎ ተከፈለ፤ ኤምኤ2 የበለጠ የሚይዘው ነው። ኤምቢ የሚለው ግን ሰበቃን በጣም ስለሚቀንስ ፍሪሲዮናቸው ዘይት ውስጥ ለማይነከር ስኩተሮች ነው። የመኪና ዘይት ላይ ነዳጅ ይቆጥባል የሚል ምልክት ካያችሁ ለዚህ ሥራ ተዉት። ሸራውን ያንሸራትተዋል፤ የተንሸራተተ ሸራ ይቃጠላል፤ የተቃጠለ ሸራ ዘይቱን ያቆሽሻል። በተመሳሳይ ምክንያት ከዘይት ጋር የሚደባለቁ «ተአምር» የሚባሉ ፈሳሾችን አልጨምርም።

ስለ ቅጥነትና ውፍረት አንድ ነገር ብቻ ልበል። 10ደብልዩ-40 የሚለው ዘይት ሲሞቅ እንዳይቀጥን የሚረዱት ረጃጅም ሞለኪሎች አሉት። የማርሽ ጥርሶች ደግሞ እነዚህን እንደ መቀስ ይቆራርጧቸዋል። የመኪና ሞተር ዘይት ይህ መከራ የለበትም፤ ካምቢዮው የራሱ ዘይት አለውና። የሞተር ሳይክል ዘይት ግን ቀለሙ ሳይጠቁር ሊደክም ይችላል። ስለዚህ በቀለሙ ሳይሆን በኪሎ ሜትሩ ቀይሩ፤ መመሪያው ደብተር የሚለውን አትለፉ። ጭነት የሚበዛበት ከሆነ ቀደም በሉ።

ከመፍታት በፊት ማዳመጥ

ሞተሩ ይሙቅ። ዜሮ ማርሽ ላይ ይሁን። መጀመሪያ ሚኒሞውን አስተካክሉ። ብዙ ትንንሽ ሞተሮች ነዳጅ ሳይሰጣቸው በደቂቃ 1400 ዙር አካባቢ እንዲዞሩ የተሠሩ ናቸው። ከዚያ ከወረዱ ጤነኛውም ፕራይመሪ ያንቋቋል። ሚኒሞ ሳይስተካከል በተሰማ ድምፅ ክዳን የፈታ ሰው ያዝንበታል።

አሁን ፍሪሲዮኑን ያዙ። ካምቢዮው ይቆማል፤ ፕራይመሪው ግን መዞሩን አያቆምም። ዋናው ፍንጭ ይህ ነው። ስትይዙት የሚጠፋ ድምፅ ብዙ ጊዜ የካምቢዮ ኩሽኔታ ወይም ሸራዎቹን አቅፎ የሚዞረው የፍሪሲዮኑ ቤት ልቅነት ነው። ስትይዙት የሚመጣ ድምፅ ፍሪሲዮኑን የሚገፋው ኩሽኔታ ነው። ፉጨቱ ቆማችሁም ስትሄዱም ከሞተሩ ዙር ጋር ከፍ ዝቅ ካለ፣ በየትኛውም ማርሽ ካልተለወጠ፣ ፕራይመሪውን ጠርጥሩ። ከመንገዱ ፍጥነት ጋር ብቻ ከተለወጠ ወደ ካምቢዮና ወደ ጎማ ሂዱ።

ሌላም አለ። ነዳጅ ሰጥታችሁ ድንገት ስትለቁ «ጧ» የሚል ምት ካለ በፍሪሲዮኑ ቤት ጀርባ ያሉት ሞላዎች ደክመዋል ማለት ነው። እነዚህ ሞላዎች የፒስተኑን ግፊት እያለሰለሱ ጥርሶቹን ከዱላ የሚያድኑ ናቸው።

የረጅም ካቻቪቴ ጫፍ ክዳኑ ላይ፣ እጀታውን ጆሮ ሥር አድርጎ መስማት የድሮ ዘዴ ነው። አሁንም እጠቀምበታለሁ። ብቻ ከሚዞር ነገር ራቁ።

የፈሰሰውን ዘይት ማንበብ

ከሁሉ የምወደው ይህን ነው። አትቸኩሉ።

ዘይቱን ሞቅ እያለ አፍስሱት፤ ያኔ ቆሻሻውን ይዞ ይወርዳል። ንጹህ ነጭ ሳህን ወይም የተጠረገ ትሪ ተጠቀሙ። አሥር ደቂቃ ይንጠብጠብ። መጨረሻ የሚወርደውን ጭላጭ በነጭ የጥጥ ጨርቅ አጥልሉት። ከተጣለ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት ካላችሁ በስስ ፌስታል ጠቅልላችሁ ጭላጩ ውስጥ አዙሩት። በኋላ ፌስታሉን ስትገለብጡት የያዘው ብረት ሁሉ አንድ ላይ ይወጣል።

አሁን ፀሐይ ላይ ውሰዱትና ተመልከቱ።

በጣት ሲታሽ እንደ ዱቄት የሚልም ግራጫ ልቁጥ ብቻ ከሆነ አትደንግጡ። በተለይ አዲስ ሞተር ላይ የሚጠበቅ ነው። የሚያብለጨልጭ፣ ቅርፊት የመሰለ፣ ማግኔት የሚይዘው ስባሪ ከሆነ ግን የማርሽ ወይም የኩሽኔታ ቆዳ ተነስቷል። የማርሽ ጥርስ ላይኛው ቆዳ ብቻ ነው በእሳት የጠነከረው፤ ብዙውን ጊዜ ውፍረቱ ከ1 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ከሥሩ ያለው ለስላሳ ብረት ነው። ቆዳው ከተነሳ በኋላ መበላቱ ይፈጥናል።

ማግኔት የማይይዘው ነጣ ያለ ስባሪ አልሙኒየም ነው። ከፍሪሲዮኑ ቤት ወይም ካቴናው ከፋቀው ክዳን ይመጣል። ወርቅ የመሰለው ነሐስ ነው፤ በፍሪሲዮኑ ቤት መካከል ያለው ቡሽ ወይም ሮንዴላ እየተበላ ነው። ጥቁር ክር ክር የሚል የሸራ ብናኝ ነው። የፕላስቲክ ወይም የጎማ ቁራጭ የካቴና መወጠሪያው ጫማ ነው።

ቡና በወተት የመሰለ ቀለም ካለው ውሃ ገብቷል። አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ ሞተር በደንብ ስለማይሞቅ ውስጡ ላብ ይይዛል፤ ያ ላብ ዘይቱ ውስጥ ይቀራል። ውሃ የገባበት ዘይት ጥርስ ላይ ትንንሽ ጉድጓድ ቶሎ ያስወጣል። ሽታውንም አትርሱ። ቤንዚን ከሸተተ ካርቡራቶሩን ጠይቁ። የተቃጠለ ከሸተተ ፍሪሲዮኑን።

መፍታት

ውጩን አጥቡ። የፍሪሲዮን ክዳን ዙሪያ ያለው ጭቃ ክዳኑ ሲከፈት መውደቂያው ሞተሩ ውስጥ ነው።

የክዳኑ ቡሎኖች ርዝመታቸው አንድ አይደለም። የካርቶን ቁራጭ ላይ የክዳኑን ቅርጽ ሳሉና እያንዳንዱን ቡሎን በቦታው ሰክታችሁ አስቀምጡ። ረጅሙን ቡሎን በአጭሩ ቀዳዳ ያጠበቀ ሰው አልሙኒየሙን ይሰነጥቃል። ክዳኑ እምቢ ካለ በፕላስቲክ መዶሻ ዙሪያውን መታ መታ አድርጉት። ካቻቪቴ አስገብቶ መፈንቀል ፊቱን ይቆርጠዋል፤ ያ ቦታ ከዚያ በኋላ ዘይት ማንጠባጠቡን አይተውም። ስትስቡት በቀስታ ይሁን። የመርገጫው ዘንግ ላይ ያለች ቀጭን ሮንዴላ ክዳኑ ላይ ተለጥፋ ልትወጣ ትችላለች፤ መሬት ወድቃ ከጠፋች የሚተካት የለም።

እንደ ሲጂ 125 ባሉ ሞተሮች ላይ በክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ክብ ቆርቆሮ የመሰለ ነገር ታገኛላችሁ። እየዞረ ቆሻሻን ወደ ግድግዳው የሚወረውር የዘይት ማጣሪያ ነው። ክፈቱት። ውስጡ እንደ ጭቃ የደረቀ ጥቁር ነገር ይኖራል። በእንጨት ስንጣሪ ፍቃችሁ በነጭ ጋዝ እጠቡት። ብዙ ሰው ይህን ሳይከፍት ዓመታት ያልፋል። ሲሞላ ቆሻሻው ተመልሶ ከዘይቱ ጋር ይዞራል።

ጥርሶቹ የሚናገሩት

ትንሹን ማርሽ አስቀድሙ። ብዙ የሚዞረው እሱ ነው። በሲጂ 125 ላይ 18 ጥርስ ያለው ትንሽ ማርሽ 73 ጥርስ ያለውን ያዞራል። ቁጥሮቹ እንዲህ የተመረጡት አንዱ ጥርስ ከአንድ ጓደኛው ጋር ብቻ እንዳይጋጭ፣ ድካሙ ለሁሉም እንዲካፈል ነው። ጉዳቱም ግን በዚያው መንገድ ይካፈላል። ከትንሹ ማርሽ አንድ ጥርስ ቢሰበር በ73 ዙር ውስጥ የትልቁን 73 ጥርሶች ሁሉ ያገኛቸዋል። በደቂቃ 5000 ዙር ስትነዱ ይህ አንድ ሴኮንድ አይሞላም። «ትንሹን ብቻ ቀይርልኝ» ለሚለኝ ሰው ይህን ሒሳብ ነው የማሳየው። በጥንድ ቀይሩ። በአንዳንድ ሞተሮች ላይ ማርሾቹ በፊደል ወይም በቀለም ተጣምረው ነው የሚመጡት፤ ምልክቱን ሳታጠፉ መዝግቡ።

ጉዳቱን እንዲህ ለዩ። በጥርሱ ወገብ አካባቢ ትንንሽ ጉድጓድ ካያችሁ ብረቱ ደክሟል። ለረጅም ጊዜ ከአቅም በላይ ጭነት፣ ውሃ የገባበት ወይም ቀጭን ዘይት ያመጣው ነው። በጥርሱ ጫፍና ሥር ከታች ወደ ላይ የተዘረጋ ጭረት ካለ ብረት ከብረት ተነካክቷል። ጥርሶች ሲገናኙ ወገባቸው ላይ ይንከባለላሉ፣ ጫፋቸውና ሥራቸው ላይ ግን ይንሸራተታሉ። ዘይቱ ሲቀጥን ወይም ሲያልቅ መጀመሪያ የሚጋለጠው የሚንሸራተተው ክፍል ነው። የልጁ ማርሽ ጫፉ ላይ የተጫረው ለዚህ ነበር። ያኔ ይህን ባውቅ ማርሹ ራሱ ስለ ዘይቱ ይነግረኝ ነበር።

የተበላው በአንድ ጠርዝ ብቻ ከሆነ፣ ሌላው ጠርዝ አዲስ መስሎ ከቀረ፣ ዘይቱን ተዉትና ኩሽኔታዎቹን ፈትሹ። ዘንጎቹ ትይዩ አይደሉም።

አሁን ወደ ፍሪሲዮኑ ቤት። በአንድ እጅ ማርሹን ያዙ፣ በሌላው ቤቱን ጠምዝዙ። ሞላዎቹ ወዲያው መቃወም አለባቸው። በነጻ ወዲያ ወዲህ ካለ ሞላው ወይም ሪቬቱ ላልቷል። ዘንጉ ላይ አስቀምጣችሁ ነቅንቁት፤ ከተወዛወዘ ቡሹ ተበልቷል። እዚህ ላይ አዲስ ማርሽ መግጠም ገንዘብ መበተን ነው፤ የሚወዛወዝ ቤት አዲሱን ጥርስ አጣሞ ይበላዋል።

የቤቱን ጣቶችም እዩ። ሸራዎቹ እየመቱ ጎድጎድ ያደርጓቸዋል። በጥፍር ብቻ የሚሰማ ከሆነ በጥሩ ሞረድ አለስልሱት፤ ቤቱን አውጥታችሁ እንጂ ሞተሩ ላይ እያለ በፍጹም። ዓይን ያየው ጉድጓድ ከሆነ ቀይሩ። ሞርዶ ማስተካከል ክፍተቱን ያሰፋዋል፣ ሸራውም ይበልጥ ይመታል።

ካቴና ከሆነ

ካቴና ረዘመ ሲባል ብረቱ ተለጠጠ ማለት አይደለም። ፒኖቹና ቡሾቻቸው ተበልተው ነው። የተፈታ ካቴና ወጥራችሁ ለኩት። እንደ ድሮዎቹ ትራያምፍና ኖርተን ከፒን እስከ ፒን 9.525 ሚሊ ሜትር ከሆነ 30 የካቴና ቀለበት 285.75 ሚሊ ሜትር ይመጣል። እኔ 290 ሲደርስ እቀይረዋለሁ። በቀለበቶቹ መካከል ቀይ ዝገት የመሰለ ዱቄት ካያችሁ ካቴናው ደርቆ ሠርቷል፤ ዘይቱ ለምን እንዳልደረሰ ሳታውቁ አዲሱን አትግጠሙ።

አወጣጠሩ ላይ ሰው የሚሳሳተው ወደ ማጥበቅ ነው። የላላ ካቴና ይጮሃል፤ ጩኸቱ ያስፈራል። የጠበቀው ዝም ይላል፤ ዝም ብሎ ግን የክራንክ ሻፍቱንና የካምቢዮውን ኩሽኔታ ይገድላል። ብረት ሲሞቅ ይሰፋል፣ በሁለቱ ዘንጎች መካከል ያለው ርቀትም ይጨምራል፣ ካቴናውም ይበልጥ ይወጠራል። ለዚህ ነው በድሮዎቹ ትልልቅ ሃርሊዎች ላይ ልቅነቱ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ከ16 እስከ 22 ሚሊ ሜትር፣ ሲሞቅ ከ10 እስከ 16 የሆነው። እ.ኤ.አ. ከ2007 ሞዴል ጀምሮ ያሉት ራሱን በሚወጥር ነገር ይሠራሉ። የእናንተን ልክ ከመመሪያው አውጡ። ሞተሩን በእጅ ትንሽ በትንሽ እያዞራችሁ ብዙ ቦታ ለኩ። ካቴና እኩል አይበላም። ልኩ የሚወሰደው በጣም ከጠበቀው ቦታ ነው።

ቺንጋ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል። ዘይት ጠላቱ ነው፤ በደረቅ ነው የሚሠራው። ቺንጋው ዘይት ከነካው መጀመሪያ ፓራኦሊዮውን ቀይሩ፣ ከዚያ ቺንጋውን።

መመለስ

በክዳኑና በሞተሩ መካከል ያለውን የድሮ ጓርኒሲዮን በፕላስቲክ ፍቃችሁ አንሱ። አዲሱን ደረቁን ግጠሙት። ሲሊኮን አብዝቶ መቀባት የሚወዱ አሉ፤ ይህን ሳይ ያንገበግበኛል። የተረፈው ሲሊኮን ወደ ውስጥ ይጨመቃል፣ ይደርቃል፣ ይቆረጣል። በብዙ ትንንሽ ሞተሮች ዘይት ወደ ክራንክ ሻፍቱ የሚሄደው በዚሁ ክዳን ውስጥ ባለች ቀዳዳ ነው። የሩዝ ፍሬ የምታህል ቁራጭ ትዘጋታለች። ክዳኑን ከመግጠማችሁ በፊት በዚያች ቀዳዳ እፍ በሉባት። አየር በሌላው ጫፍ ካልወጣ አትግጠሙ።

የትንሹ ማርሽ ዳዶ በመመሪያው ልክ፣ በቶርክ መፍቻ ይጥበቅ። በአንዳንድ ሞተር ላይ የዳዶው ጥርስ የግራ ነው፣ በተቃራኒው አቅጣጫ ነው የሚፈታው፤ ሳታረጋግጡ በጉልበት አትሂዱ። ማርሾቹ እንዳይዞሩ መካከላቸው ለስላሳ መዳብ አስገቡ እንጂ ካቻቪቴ አታስገቡ። ዳዶውን የምትቆልፈው ሮንዴላ ምላሷ ይታጠፍ። አንዴ የታጠፈች ምላስ ስትደገም ትሰበራለች፤ አዲስ ግጠሙ። ዳዶው ሲላላ ማርሹ ዘንጉ ላይ ይንገላታል፤ የሚሰማው ድምፅ የተበላ ጥርስ ይመስላል።

አዲስ ሸራ ከሆነ ሌሊቱን ዘይት ውስጥ ነክራችሁ አሳድሩት። ጥርሶቹንም በጣታችሁ ዘይት ቀቡ። የፍሪሲዮኑ የእጅ መያዣ ጫፍ ላይ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ልቅነት መኖሩን አረጋግጡ፤ ልክ የለሽ የጠበቀ ገመድ ፍሪሲዮኑን ግማሽ ተይዞ ያቆየዋል።

ዘይቱን ከሞላችሁ በኋላ ቁልፉን ሳትከፍቱ አሥር ጊዜ ያህል እርገጡ፤ ዘይቱ ይዳረስ። ከዚያ አስነሱት። ሦስት ደቂቃ በሚኒሞ ይሥራ። አጥፉ፣ ጠብቁ፣ ልኩን እንደገና እዩ።

የመጀመሪያዎቹን 200 ኪሎ ሜትሮች ሳትጨክኑበት ንዱት። ከዚያ ዘይቱን አንድ ጊዜ አፍስሱና ነጩን ሳህን መልሳችሁ አውጡት። ማግኔቱ ላይ ልም ዱቄት ብቻ ከተገኘ፣ ዘንጉም ቤንዚን ካልሸተተ፣ አዲስ ዘይት ሞልታችሁ ወደ ሥራችሁ ሂዱ።